«ሳቶሺ ናካሞቶ እኔ ነኝ» ከሚል ሰው ጋር ውል ልፈርም?

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ማንነቱ ያልታወቀው የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ እኔ ነኝ በማለት፣ ወደፊት ከሚያንቀሳቅሰው ሀብት ላይ ድርሻ እንድገዛ ውል አቅርቦልኛል። የቅጂ መብት ምዝገባ ወረቀት፣ የቆዩ ኢሜይሎች ቅጂና «የሳቶሺን ቁልፍ (የዲጂታል ፊርማ መፈረሚያ ምስጢራዊ ኮድ) ሲጠቀምበት አይቻለሁ» የሚል የታወቀ ባለሙያ ቃል አያይዟል። ሌሎች ግን ሐሰት ነው ይላሉ። ልፈርም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አሁን ባለው ማስረጃ እንዳይፈርሙ አጥብቄ እመክራለሁ። የማስረዳት ሸክሙ ያለው መብት አለኝ በሚለው ወገን ላይ በመሆኑ፣ እውነተኛው ፈጣሪ እስካሁን አለመታወቁ ሰውየውን አይጠቅመውም፤ እርስዎም እርሱ ሳቶሺ አለመሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ የለብዎትም።

የምዝገባው ወረቀት ክብደቱ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አውስትራሊያዊው ክሬግ ራይት ቢትኮይንን በ2008 ያስተዋወቀውን ጽሑፍ በአሜሪካ በስሙ ባስመዘገበ ጊዜ፣ የቅጂ መብት ቢሮው የአመልካቹን ቃል እውነትነት እንደማይመረምር በይፋ ገልጿል።

ሰነዶቹ ግን ሰፊ ምርመራ ይፈልጋሉ። የራይት ጥያቄ በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2024 ሲመረመር የወደቀው በዚሁ ነጥብ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ኦፕን ኦፊስ በተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የተዘጋጀ ሲሆን፣ እርሱ ላቴክ በተባለ ሌላ ፕሮግራም ጻፍኩት ብሎ ፋይሎች አቀረበ፤ የፋይሎቹ የአርትዖት ታሪክ ሲወጣ ግን ክርክሩ ሊሰማ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከዋናው ጽሑፍ ጋር እንዲመሳሰሉ ሲያስተካክላቸው እንደነበረ ታየ። ዳኛ ሜለር ራይት ሳቶሺ አለመሆኑን መጋቢት ወር ላይ አወጁ፤ በግንቦት በወጣው ዝርዝር ፍርድም ሰነዶችን በስፋት ፈብርኳል አሉ። ስለዚህ የታተመ ኢሜይል ማስረጃ ብለው አይቀበሉ፤ ዋናው ፋይል ቀርቦ እርስዎ በመረጡት ባለሙያ ይመርመር።

የምስክሩም ቃል በጥንቃቄ ይታይ። በ2016 ከቢትኮይን ቀደምት አልሚዎች አንዱ የሆነው ጋቪን አንድሪሰን፣ ራይት በፊቱ በቁልፍ ሲፈርም እንዳየ መስክሮ ነበር፤ ራይት ለሕዝብ ያወጣው ፊርማ ግን ከ2009 የቢትኮይን ዝውውር ላይ የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ምስክር ቅን ሆኖም ሊታለል ይችላል።

የሚሻለው ማስረጃ የሚከተለው ነው። ሳቶሺ ጥር 2009 ለቀደምት የቢትኮይን ተጠቃሚው ሃል ፊኒ 10 ቢትኮይን የላከው ከብሎክ (ዝውውሮች በቡድን ከሚመዘገቡበት የመዝገብ ክፍል) ቁጥር 9 እንደሆነ ለሁሉም ክፍት በሆነው የቢትኮይን መዝገብ ላይ ስለሚታይ፣ ሰውየው እርስዎ ራስዎ ያዘጋጁትንና የዕለቱን ቀን የያዘ አዲስ መልእክት በዚያ ብሎክ ቁልፍ ፈርሞ ይላክልዎ፤ ማረጋገጫውም በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይካሄድ። ይህም ቢሆን፣ ቁልፍ ሊሰረቅ ወይም ሊወረስ ስለሚችል፣ ቁልፉ በእጁ መኖሩን እንጂ የፈጠራው ባለቤት መሆኑን ብቻውን አያስረዳም፤ በጊዜው ከተጻፉና ሦስተኛ ወገን ከያዛቸው ደብዳቤዎች ጋር ሊመሳከር ይገባል።

ሰውየው መልእክቱን በቁልፉ ለመፈረም ፈቃደኛ ካልሆነ እምቢታውን በጽሑፍ ይቀበሉ። መልእክቱን ከመፈረሙ በፊት ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ካለም፣ አንቀጹ እስኪሰረዝ ድረስ ምንም ገንዘብ እንዳይከፍሉ፤ በማታለል የተገኘ ስምምነት በሕግ ሊፈርስ ቢችልም፣ አንዴ የተላከን ክሪፕቶ ገንዘብ ማስመለስ እጅግ አዳጋች ነው።