መልስ፦ ሦስት ሳምንት የቆየ ሳል፣ አለርጂ ነው ወይስ ሳንባ?

"ትኩሳት የለኝም፣ ግን ሳሉ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ቤት ስጠርግና ዕጣን ሲጨስ ይብስብኛል" ላልሽው እህቴ፣ ነገሩ ወደ አለርጂ ያደላል። አለርጂ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ማስነጠስ፣ የዓይንና የአፍንጫ ማሳከክ፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ ያስከትላል፣ ከአቧራው ወይም ከጭሱ ስትርቂ ደግሞ ቀለል ይላል። ትኩሳት ግን አያመጣም። የሳንባ ምች ሌላ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ስትተነፍሺ ደረትሽን ውግት የሚያደርግ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ይኖረዋል። አረጋውያን ላይ ግን ያለ ትኩሳትም ሊመጣ ይችላል።

የአክታ ቀለም አይቶ መፍረድ አይሠራም። ሰው ሁሉ "ቢጫ ከሆነ አንቲባዮቲክ ነው" ይላል፣ ተራ ጉንፋንም እኮ ቢጫ ያደርገዋል!

ሌሊት ሌሊት ከባሰብሽና ደረትሽ ሲር ሲር ካለ አስም ሊሆን ስለሚችል እሱንም ለሐኪሙ ንገሪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኛ አገር 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የቱንም ያህል አለርጂ ቢመስል፣ ለቲቢ መታየት አለበት። መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄደሽ አክታሽን አስመርምሪ፣ ምርመራው በነጻ ነው። ሌሊት የሚያልብሽ ከሆነ፣ ከከሳሽ ወይም አክታሽ ላይ ደም ካየሽ ነገ ዛሬ አትበይ። እስከዚያው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተሽ አትጀምሪ፣ አለርጂ ከሆነ ምንም አይፈይድልሽም።