ከለገሃር በላይ የሚበራው ኮከብ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ካኖፐስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጉድ ፈላብኝ! በደቡቡ ሰማይ፣ ካሪና በሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ደማቅ ኮከብ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከፒያሳ የት ልየው?

መልስ፦ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ቁም። ፊትህን ቁልቁል ወደ ለገሃር አዙር። ቸርችል ጎዳና ራሱ ደቡብን ያሳይሃል። ክንድህን ዘርግተህ ከአድማሱ ጀምሮ ሦስት ቡጢ ደርድር። እዚያ ነው። የመንገዱ መብራት አይችለውም።

ጥያቄ፦ ሲሪየስ የሚባለው ኮከብ በድምቀት አይበልጠውም እንዴ?

መልስ፦ ለዓይን ይበልጠዋል፤ ካኖፐስ ሁለተኛ ነው። ግን ሲሪየስ ጎረቤታችን ነው፣ 8.6 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ብቻ ይርቃል። ካኖፐስ 310 ገደማ ነው። ሲሪየስ የ25 ፀሐይ ያህል ሲያበራ፣ ካኖፐስ ከ10 ሺህ ፀሐይ በላይ ያበራል። ደጃፍህ ላይ ያለ ሻማና እንጦጦ ላይ የተሰቀለ ፓውዛ በላቸው። ዛሬ ማታ የምታየው ብርሃን መንገድ የጀመረው በጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው። አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም።

ጥያቄ፦ ስፋቱስ?

መልስ፦ ከዳር እስከ ዳር ፀሐይን 70 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በፀሐይ ቦታ ብናስቀምጠው ጠርዙ ሜርኩሪ የምትዞርበት አካባቢ ይደርሳል። እንዲህ ያበጠው በመሃሉ ያለውን ሃይድሮጅን ስለጨረሰ ነው። ላዩ ከ7 ሺህ ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

ጥያቄ፦ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ ሲል አየሁት። ድሮን ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ብርሃኑ ወፍራም አየር ያቋርጣል። የሚያንቀጠቅጠው አየሩ ነው። ራሱ ነጭ ነው።

ጥያቄ፦ ለሰው ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ጠፈር ውስጥ ላይና ታች የለም። መንኮራኩር በፀሐይ ብቻ አቅጣጫ ብትይዝ እንደ እንዝርት ልትሾር ትችላለች። ሌላ ምልክት ያስፈልጋታል። ካኖፐስ ደማቅ ነው፣ ፀሐይ ከምትሄድበት መስመርም በጣም ይርቃል፤ ስለዚህ አይምታታም። በ1964 እ.ኤ.አ. ወደ ማርስ የተላከችው ማሪነር 4 እሱን እያየች ነው የሄደችው። ቮየጀር የተባሉት መንኮራኩሮችም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ የኔ ኮከብ ይሆን?

መልስ፦ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ የለም። ቢኖርም እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ጀርመን ያለው ወንድሜ አጣሁት አለኝ።

መልስ፦ እውነቱን ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ37ኛው ዲግሪ በላይ ላለ ሰው ከአድማስ አይወጣም። ለገና ሲመጣ ቸርችል ላይ አቁመሽ አሳዪው፤ ያኔ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው ከፍ የሚለው።