መልስ፦ የጤና መድንና ጡረታ ሶሻሊዝም ነው?

አይደለም። ጎረቤትህ «የጤና መድን መዋጮ የሶሻሊዝም ጅራት ነው» ካለህ የጀርመኑን መሪ ቢስማርክን ጥቀስለት። በጀርመን የሕመም መድንን በ1883፣ የእርጅና ጡረታን በ1889 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሕግ ያስጀመረው እሱ ነው። በ1878 የሶሻሊስት ማኅበራትን ያገደውም ራሱ ቢስማርክ ነው! ሠራተኛው ወደ እነሱ እንዳይኮበልል ፈርቶ ነበር። በእኛም አገር የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በንጉሡ ዘመን የነበረ ነው።

መለየት ከፈለግህ «ንብረቱ የማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ ያ ሶሻሊዝም ነበር። እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ እሠራለሁ። ማሽኑም ትርፉም የአሠሪዬ ነው። በየወሩ ከደመወዜ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ እሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ካፒታሊስትነቱ ቅንጣት አልጎደለም፤ በአሸዋ ዋጋ ሲከራከር ብታየው!

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ መድንንና ሴፍቲኔትን (ችግረኛው መዋጮ ሳይከፍል የሚያገኘውን ድጋፍ) አትደባልቅ። እኔ ደባልቄ «ሁሉም ያዋጣውን ነው የሚያገኘው» ብዬ ስከራከር፣ አንዱ በመስኮት በሴፍቲኔት ታቅፈው ቦይ የሚጠርጉትን እናት አሳየኝና «እሳቸው መቼ አዋጡ?» አለኝ። ቡናው እስኪያልቅ መልስ አላገኘሁም።