የሚዋሸው መቁጠሪያው ነው ወይስ ኦሲሌተሩ?

ጥያቄ፦ ርካሽ የፍሪኩዌንሲ መቁጠሪያ ገዛሁ። ከአሮጌ ቴሌኮም ዕቃ የተነቀለ የ10 ሜጋኸርትዝ ኦሲሌተር (ቋሚ ፍሪኩዌንሲ የሚያመነጭ ዕቃ)፣ ያ ክሪስታሉን ውስጡ እያሞቀ የሚይዘውን ዓይነት፣ ሳገናኘው ማታ 10,000,043 ኸርትዝ አለኝ። ጠዋት ደግሞ 10,000,031። ኦሲሌተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኦሲሌተሩን እንዳትጥለው! እኔ የምጠረጥረው መቁጠሪያውን ነው። 43 ኸርትዝ ማለት ከሚሊዮን 4.3 እጅ ነው፤ ለተራ ክሪስታል የተለመደ ነው፣ ለሚሞቅ ኦሲሌተር ግን በጣም ብዙ። ርካሽ መቁጠሪያ ውስጥ ያለው ተራ ክሪስታል ክፍሉ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ አብሮ ይዋልላል፣ ስክሪኑ ስምንት አሃዝ ስለደረደረ ብቻ ሁሉንም አትመን።

መጀመሪያ ኦሲሌተሩን ግማሽ ሰዓት አሙቀው። ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ከዚያ ይወርድና ይረጋል። ቆርቆሮውን በጣትህ ስትነካው ካልሞቀ ማሞቂያው አልሠራም። ቀጥለህ የፒፒኤስ (በሴኮንድ አንድ ምት) መውጫ ያለው የጂፒኤስ ሞጁል ፈልግ፤ በየሴኮንዱ የሚሰጥህ ምት መነሻው ሳተላይቶቹ ላይ ያሉት አቶሚክ ሰዓቶች ናቸው። አንዱ ምት ብቻውን ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ በምቶቹ መካከል የኦሲሌተሩን ዑደቶች ረዘም ላለ ጊዜ ቁጠርና አማካዩን ውሰድ። እስከዚያ ድረስ የኦሲሌተሩን የማስተካከያ ብሎን እባክህ አትንካት።