ያልነካው እንዴት ዳሰሰ ይባላል?

አንድ የፊዚክስ መምህር ጽሑፍ እየተረጎሙ ሳለ አንድ ቃል አስቸግሯቸው ጽፈውልኛል። ጽሑፉ አኳ የተባለችው የናሳ ሳተላይት በሁለት መሣሪያዎች የአየርን እርጥበት እንዴት ትለካ እንደነበር ያስረዳል። ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ «ሴንሰርን ‹ዳሳሽ› እንለዋለን። ግን ሳተላይቷ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ምኑን ትዳስሳለች? ‹ሁለት የተዋሐዱ ዳሳሾች› ብዬ ብጽፍስ ያስኬዳል?»

መምህር፣ ይህ ቃል እኔንም ሲቆረቁረኝ ቆይቷል።

ዳሰሰ ማለት ነካ፣ ነክቶም ለየ ማለት ነው። አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ስንቆጥር ማየትና መስማት ከሩቅ ይሆናሉ። መዳሰስ ግን ቆዳ ይፈልጋል። በሉቃስ ወንጌል ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱን «ዳስሳችሁ እዩ» ያላቸው ማየቱ ብቻ ስላልበቃቸው ነው። ዳበሰም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ክብሪት የምንፈልገው በዳበሳ ነው።

ግእዙ ገሰሰ ይለዋል። መዝሙር 103 ላይ እግዚአብሔር ምድርን ሲያያት ትንቀጠቀጣለች፣ ተራሮችን ሲዳስሳቸው ይጤሳሉ። ግእዙ ለምድር ነጸረን፣ ለተራሮች ገሰሰን ነው የተጠቀመው። አንድ ቁጥር ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለት የተለያዩ ግሦች! የጥንቱ ሰው ከሩቅ ማየትን ከመንካት አላምታታም።

ነጸረ ደግሞ የሞተ ግሥ አይደለም። መነጽር ከእሱ ነው። አንጻርም ከእሱ ነው፤ ፊት ለፊት፣ ትይዩ ማለት ነው። እርስዎ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው «አንጻራዊ እርጥበት»ም ያው ሥር አለበት፤ አየሩ ያዘለው የውሃ ተን፣ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው አንጻር ሲታይ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ «ነጻሪ» ብል እመርጣለሁ። እርጥበቱን ነጻሪው ለካው። ለጆሮዬ ይህ ያምራል።

የማይስማሙ አሉ። «ዳሰሳ ከእጅ ከወጣ ቆየ፣ የዳሰሳ ጥናት እንል የለም ወይ?» ይላሉ። እንላለን። ግን ያ ዘይቤ ነው፤ የመሣሪያ ስም ደግሞ ሥራውን በቀጥታ ቢናገር ይሻላል። ሁለተኛው ክርክራቸው ከበድ ይላል፦ «ጨረሩ መሣሪያው ላይ አርፎ አይደል የሚለካው? መነካካት አለ።» እውነት ነው። የውሃ ተን በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ጨረር ይውጣል፣ መልሶም ይለቃል። መሣሪያው የሚቆጥረው ያንን ነው። ታዲያ ነኪው ጨረሩ ነው። መሣሪያው ይዳሰሳል እንጂ አይዳስስም።

«የተዋሐዱ» የሚለውን ግን ይተዉት። ተዋሐደ አንድ ሆነ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ከባድ የሃይማኖት ቃል ነው። እዚህ ሁለቱ መሣሪያዎች እንደየራሳቸው ናቸው፤ የሚጣመረው ንባባቸው ነው። «ጥምር» ይበሉ። «እንፋሎት» ብለው የጻፉትንም «ተን» ያድርጉት። ከጀበና አፍ ሲወጣ የምናየው ነጭ ነገር ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው፤ ተን አይታይም።

አሁን ራሴን ወደሚያስቸግረኝ ልምጣ። አኳ የመጠቀችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ኤርስ የተባለው መሣሪያዋ ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር፣ በኢንፍራሬድ ይሠራል፤ 2,378 ቻናል፣ ማለትም ለየብቻ የሚለካቸው የሞገድ ርዝመት ክፍሎች አሉት። ተኑን በየከፍታው ለይቶ ያያል። ወፍራም ደመና ከመጣ ግን ከደመናው በታች ያለውን ማየት አይችልም፣ ልክ እንደ ዓይን። አምሱ የሚባለው ጓደኛው ሞገዱ ረዘም ባለው ጨረር፣ በማይክሮዌቭ የሚሠራ ሲሆን 15 ቻናል ብቻ ይዞ ነው የመጠቀው። የሚያየው ሰፊ ቦታ በአንድ ላይ ነው፤ በእሱ አንድ ነጥብ ውስጥ 9 የኤርስ ነጥቦች ይገባሉ። ግን ከባድ ዝናብ ካልገጠመው ደመናውን አልፎ ሙቀቱን ይናገራል። ኮምፒዩተሩም በዚያ እየተመራ፣ ዘጠኙን ነጥቦች እያነጻጸረ፣ የደመናውን ተጽዕኖ ከኤርስ ንባብ ላይ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ያነሳ ነበር። «እያነጻጸረ» ስል ያው ነጸረ መጣ፣ ልብ ይበሉ!

እንግዲህ ኤርስ ያያል። አምሱስ? ጨለማ ውስጥ ገብቶ ሻካራውንና ለስላሳውን የሚለይ ነገር ነው። ለእሱ ዳሳሽ ቢባል ክርክሬ ይላላል፤ ደስ ባይለኝም እቀበላለሁ።

ልማዱም ወደዚያው ሄዷል። ስልክ ላይ ያለው ዳሳሽ፣ በር የሚከፍተው ዳሳሽ፣ ከሩቅ የሚለካውም «የርቀት ዳሰሳ» ሆኗል። መንገድ ላይማ ሁሉም «ሴንሰር» ነው የሚለው። ተማሪዎችዎ «ነጻሪ» ቢያነቡ መነጽር የሚሸጥ ሰው ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ «ሁለት ጥምር ዳሳሾች» ብለው ይጻፉ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፦ ግሡ ላይ «ሳተላይቷ እርጥበቱን ዳሰሰች» አይበሉ። «ለካች» ይበሉ፣ ወይም «ተመለከተች»። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያመጠቀቻትን ሳተላይት «የመሬት ምልከታ» ሳተላይት ያሏት ሰዎች ጥሩ ቃል ነው የመረጡት።