የራስቤሪ ፓይ ሴንሰር አልነበብ ሲል፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ፒያሳ ባለችው ትንሽ የጥገና ክፍሌ ሰው ራስቤሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተርና ሴንሰር በፌስታል ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ተቃጥሏል» ነው። አብዛኛው ግን አልተቃጠለም። ምትክ ዕቃ እዚህ ሀገር እስኪገኝ ምን ያህል እንደሚያንከራትት ስለማውቅ፣ ሳይለካ የሚጣል ሴንሰር ሳይ ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ዛሬ ከ8 እስከ 11 ሰዓት የጠየቃችሁኝን ሁሉ እመልሳለሁ ያልኩት። የመጡት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ (የአምስት ኪሎ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ቢኤምኢ280 የሚባለውን የሙቀት፣ የግፊትና የእርጥበት ሴንሰር በአይቱሲ (በሁለት ሽቦ ዳታ መለዋወጫ) አገናኝቼ አይቱሲዲቴክት የሚለውን ትዕዛዝ ስሰጥ፣ የተገናኙትን ዕቃዎች አድራሻ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ላይ ሰረዝ ብቻ ነው የሚወጣው። ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱን ስቀያይር ከረምኩ። ጥፋቱ የኮዱ ነው የሴንሰሩ?

መልስ፦ ኮዱን ለጊዜው ተይው እህቴ። ሰንጠረዡ ባዶ እስከሆነ ድረስ የኮድሽ ተራ ገና አልደረሰም። ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው የፓዩ ማስተካከያ ገብተሽ አይቱሲ መከፈቱን አረጋግጪ፤ ካልተከፈተ ግን ትዕዛዙ ባዶ ሰንጠረዥ ከማሳየት ይልቅ ስህተት ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ያንቺው የተከፈተ ይመስለኛል።

አሁን ሴንሰሩን ገልብጠሽ እግሮቹን እዪ። የፒኑ ረድፍ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ልጆች ቀዳዳው ውስጥ ይሰኩትና ሳይበይዱት ይተዉታል። እንዲህ ያለው ፒን አንዴ ይነካል፣ አንዴ አይነካም፤ በጣት ሲጫኑት ይሠራል፣ ሲለቁት ይጠፋል። እኔ ጋ ከሚመጡት «የሞቱ» ሴንሰሮች ውስጥ ደጋግሜ የማገኘው ይኼንን ነው።

ብየዳው ደህና ከሆነ መልቲሜትር አንሺ። ጥቁሩን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን ቪሲሲ (የኃይል መግቢያው) ላይ አድርገሽ 3.3 ቮልት መኖሩን እዪ። የምትለኪው ግን ፓዩ ላይ ሳይሆን ሴንሰሩ ላይ ነው፤ የምንጠረጥረው መሃል ያለውን ሽቦ ነውና። ከዚያ ሁለቱን የአይቱሲ መስመሮች፣ ኤስዲኤንና ኤስሲኤልን፣ ለየብቻ ለኪ። ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ሁለቱም ወደ 3.3 ቮልት መጠጋት አለባቸው፤ ፓዩ ራሱ በ1.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ላይ ይስባቸዋል። አንዱ ዜሮ ካለ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል ወይም ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። ሁለቱም 3.3 ካሉም ሽቦው ደህና ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ሴንሰሩ ያለበት ቦርድ የራሱ ሬዚስተር ሊኖረው ስለሚችል የተበጠሰ ሽቦም 3.3 ያሳያል። ኃይሉን አጥፊና እያንዳንዱን ጃምፐር (አገናኝ ሽቦ) በመልቲሜትሩ ድምፅ ፈትሺ። ርካሽ ጃምፐር ላዩ አምሮ ውስጡ የተበጠሰ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የፒን አቆጣጠር ሁለት ዓይነት ነው። ኤስዲኤ በቦርዱ ቆጠራ 3ኛው ፒን ሲሆን የጂፒአይኦ (በፓዩ ቺፕ የመግቢያና መውጫ ቆጠራ) ስሙ ግን 2 ነው። ኤስሲኤል ደግሞ 5ኛው ፒን ነው፣ ስሙ ጂፒአይኦ 3። ሥዕሉ በአንደኛው፣ እጅሽ በሌላው ከቆጠረ ሽቦው የማይሆን ቦታ ይገባል።

ጥያቄ (ያችው ተማሪ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ)፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ እውነትም ፒኖቹ አልተበየዱም ነበር! አሁን 76 ላይ ወጣ። ሙቀትና ግፊት ያነባል፤ እርጥበት ግን ዜሮ ነው።

መልስ፦ እሰይ! የእርጥበቱ ነገር ግን የሽቦ ጥፋት አይመስለኝም። ቢኤምፒ280 የሚባል እርጥበት የማይለካ ወንድም አለው፤ አድራሻቸውም አንድ ነው፣ 76 ወይም 77። በቢኤምኢ ስም እሱን የሚሸጡ አሉ። ቺፑ ውስጥ ያለውን የመለያ ቁጥር አንብቢ፤ በሄክሳዴሲማል 60 ካለ ቢኤምኢ ነው፣ 58 ካለ ቢኤምፒ ነው። 58 ከሆነ ቁጥሩን አሳይተሽ ሻጩ እንዲቀይርልሽ ጠይቂው።

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር፣ አራት ኪሎ)፦ ለተማሪዎቼ የአየር ግፊት እያሳየሁ ነበር። መጽሐፉ 1013 ሄክቶፓስካል ይላል፣ የእኔ ሴንሰር ግን ከ770 አይዘልም። የሙቀቱንም ሴንሰር በፈላ ውኃ ስፈትሸው 100 ሳይደርስ 92 ላይ ቆመ። ሁለቱም የተበላሹ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። እንዲያውም ይህ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። 1013 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም በዚያው ልክ ያንሳል። 770 አካባቢ ለአዲስ አበባ ትክክለኛ ንባብ ነው። ውኃውም በዚህ ግፊት የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለቱ ሴንሰሮች እርስ በርስ እየተመሰካከሩልዎት ነውና ለተማሪዎቹ ጎን ለጎን አድርገው ያሳዩዋቸው። 1013 ካነበበልዎት ነበር የምሰጋው። ፕሮግራሙ ወደ ባሕር ወለል የመቀየሪያ አማራጭ ካለው የቦታዎን ከፍታ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ሮቶ ውስጥ ያለውን ውኃ ርቀትን በድምፅ በሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር መለካት ፈልጌ ነው። በ5 ቮልት ይሠራል ስላሉኝ ሁሉንም በቀጥታ ልሰካው?

መልስ፦ ቆይ! እንዳትሰካው። ኃይሉን ከ5 ቮልት ስጠው፣ «ለካ» የሚለውን ምልክት የሚቀበለውን እግር፣ ትሪገሩንም፣ በቀጥታ አገናኘው። ኤኮ የሚባለው እግር ግን 5 ቮልት ነው የሚመልሰው፤ የፓዩ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ብቻ ነው። ኤኮውን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርገህ ወደ ፒኑ አምጣ፣ ከፒኑ ደግሞ 2 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ አውርድ። ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 3.3 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል። 2 ኪሎ ከሌለህ ሁለት የ1 ኪሎ ሬዚስተሮችን ቀጣጥል። በጥቂት ብር ሬዚስተር ምክንያት ሙሉ ቦርድ ያጡ ልጆች ገጥመውኛል፤ አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ደግሞ ውኃው ከሴንሰሩ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከቀረበ ንባቡ አይታመንም፤ ከክዳኑ ላይ ከፍ አድርገህ እሰረው። በሮቶው ውስጥ የሚጠራቀመው ላብም እያደር ይጎዳዋል።

ጥያቄ፦ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት ሴንሰሬ አልፎ አልፎ 85 ዲግሪ ይላል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው።

መልስ፦ 85 የዚህ ሴንሰር የመነሻ ቁጥር ነው፤ ኃይል ሲያገኝ ሳይለካ በፊት የያዘው። በመሃል ካየኸው ሲለካ ኃይሉ ተቋርጧል፣ ወይም ለመለካት የሚፈልገው 750 ሚሊ ሴኮንድ አልተሰጠውም። የቪሲሲውን ሽቦ ፈትሽ። በዳታውና በ3.3 መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መኖሩንም እይ፤ እሱ ከሌለ ሴንሰሩ ከነጭራሹ አይታይም።

ጥያቄ፦ የአፈር እርጥበት ሴንሰሬ የሚሰጠኝ 0 ወይም 1 ብቻ ነው።

መልስ፦ ራስቤሪ ፓይ አናሎግ መግቢያ፣ ማለትም ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ የሚያነብበት ፒን፣ የለውም። ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ፣ ኤምሲፒ3008 ወይም ኤዲኤስ1115፣ መሃል ላይ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ (ካዛንቺስ፣ ቢሮ)፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሴንሰሮቹ ሁሉ ባንዴ ይጠፋሉ። ፓዩን አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳሉ። በስልክ ቻርጀር ነው የማሠራው።

መልስ፦ ሁሉም ባንዴ ከጠፉ ጥፋቱን ከየሴንሰሩ አትፈልጊ፤ የጋራቸው የሆነውን ኃይል ያዢ። ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት በ3 አምፔር ነው፤ የስልክ ቻርጀር፣ በተለይ ከቀጭን ገመድ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ይህን አይችልም። ኃይሉ ወደ 4.63 ቮልት ሲወርድ ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ይወጣል። ስክሪን ከሌለሽ ቪሲጀንሲኤምዲ በሚባለው ትዕዛዝ የትሮትል (ፍጥነት የመቀነስ) ሁኔታውን ጠይቂው፦ 0 ካለ ደህና ነው፤ 50000 ካለ ከተነሳ ወዲህ ኃይሉ ወርዶ ነበር፤ 50005 ካለ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው። ቻርጀሩንም ገመዱንም አብረሽ ቀይሪ። ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ጠይቂውና ቁጥሩን ላኪልኝ፤ 0 ብሎም ሴንሰሮቹ ከጠፉ ሰኞ ቦርዱን ከነሽቦው ሳትፈቺ አምጪልኝ።