የጓሮ አምድ፦ የኮምፖስት ሻይ፣ ቅጠል ላይ ሲረጭ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። የጓሮዬ ቲማቲም ከታች በኩል ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መጣ። የኮምፖስት ሻይ፣ ማለትም ኮምፖስት የተነከረበት ውሃ፣ ብረጭበት ዩሪያን ይተካልኛል? አዘገጃጀቱስ?

መልስ፦ አይተካም። በአንድ ሊትር ሻይ ውስጥ ግማሽ ግራም ናይትሮጂን አለ ብለን ቸር ብንሆን እንኳ፣ ለአንድ ሄክታር 400 ሊትር ሲረጭ የሚደርሰው 200 ግራም ነው። ግማሽ ኪሎ ዩሪያ ብቻውን 230 ግራም ይዟል። ከታች የጀመረ ቢጫነት ብዙውን ጊዜ የናይትሮጂን እጥረት ስለሆነ ኮምፖስቱን ራሱን ሥሩ ዙሪያ አልብሰው ያጠጡት። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ግን የብረት እጥረትን ይጠርጥሩ። ቅጠል ላይ መርጨት የሚያዋጣው እንዲህ በትንሹ ለሚፈለጉ ንጥረ ነገሮች ነው።

ለሻዩ በደንብ የበሰለ፣ የማይሞቅና ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ኮምፖስት 2 ኪሎ በጆንያ ቋጥረው 20 ሊትር ውሃ ውስጥ ይንከሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቀድመው አንድ ቀን ክፍቱን ያሳድሩት። የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ካለዎት ከ24 እስከ 36 ሰዓት አየር ይስጡት፤ መብራት ከጠፋ በእንጨት ያማስሉ። ከገማ አየር አጥቷልና ቅጠል ላይ እንዳይረጩት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቅርብ ነው ብለው ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ጣፋጭ ዝልግልግ ፈሳሽ) አይጨምሩ፤ ከእበት የመጣ ጎጂ ባክቴሪያም ይራባበታል።

በሻሽ ሁለቴ ካላጠለሉት የመርጫው አፍ ይደፈናል። ለ16 ሊትር መርጫ 3 ሊትር ሻይ፣ 13 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ በዚያው ቀን ይጨርሱት። የሚረጨው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር ነው። የአዳማ ነፋስ ተርባይን ያስተከለ ነፋስ ነው፤ ከተነሳ በኋላ መርጨት ጎረቤትን ማጠጣት ነው። ማታ የረጠበ ቅጠል ደግሞ ብላይት ለሚባለው ቅጠል አድራቂ በሽታ ይጋለጣል።

መርጫውን ከተዋሱ በምን ሲሠራበት እንደነበር ይጠይቁ። ለጤፍ አረም ቱ ፎር ዲ የተባለው አረም ማጥፊያ የተረጨበት ከሆነ በውሃ ብቻ ታጥቦ አይጠራም፤ ቲማቲሙ በትንሽ ቅሪት እንኳ ለጋ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ እየቀጠነም ይጣመማል። ይህን በሽታ ነው ብለው ሻዩን የሚደጋግሙ አሉ።

ጥያቄ፦ ሰላጣ ላይስ?

መልስ፦ ጥሬውን ስለሚበላ ቅጠሉ ላይ አይርጩ። ከመትከልዎ በፊት አፈሩን ያጠጡበት። ቲማቲሙም ፍሬ ከያዘ በኋላ ሻዩ ወደ ሥር ብቻ ይፍሰስ።